ባቡር ከመነሳቱ በፊት



በባሌ ደጋ «ባቡር» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የእህል ወፍጮው ነው። በኦሮምኛም ወፍጮው «ባቡራ» ይባላል። ቃሉ አንድ ቢመስልም ነገሩ ሁለት ነው። አንዱ እህል ይፈጫል። ሌላው ሰውና ዕቃ ጭኖ በሐዲድ ላይ ይሄዳል። ሐዲድ ማለት መሬት ላይ ጎን ለጎን የተነጠፉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። ሮቤና ጎባ ሐዲድ የላቸውም። ቢሆንም የምድር ባቡር ሠራተኞች አንድ ልማድ አላቸው፤ ለእኛም ይጠቅማል። ልማዱ ከጉዞ በፊት መፈተሽ ነው።

አገራችን ባቡር ካወቀች ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል። የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ። እሱም እስከ ጅቡቲ ይሄዳል።

ባቡር ብዙ ፉርጎ አለው። ፉርጎዎቹን ከፊት ሆኖ የሚስበው ሎኮሞቲቭ ይባላል። እኛ እዚህ «ጎታች» እንበለው።

ባቡር በጣም ከባድ ነው። ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ ቶሎ አይቆምም። ጭነት የያዘ ረጅም ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኞች ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በጊዜው የተነገረው ምክንያት ባቡሩ ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው። እንግዲህ ባቡር በሚሮጥበት ጊዜ ለተገኘ ጥፋት መድኃኒት የለውም። ጉድለት መገኘት ያለበት ባቡሩ ቆሞ ሳለ ነው።

ታዲያ ምን ምን ይፈተሻል?

ፈረስ ያለው ሰው ሩቅ መንገድ ከመሄዱ በፊት ኮቴውን አንስቶ ያያል። ጀርባው እንዳልቆሰለ ይዳስሳል። የኮርቻውን ጠፍር ይስባል። የባቡር ፈታሾችም እንደዚሁ ከእግሩ ይጀምራሉ።

አንደኛ፤ የብረት መንኮራኩሩ ይታያል። እናቶች ገበያ ላይ እንስራ ሲገዙ በጣታቸው ያንኳኩታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የባቡር ሠራተኞችም ለብዙ ዘመን መንኮራኩሩን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ዛሬ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ የሚያገኝ መሣሪያ አለ።

ሁለተኛ፤ ፍሬኑ ይሞከራል። የባቡር ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ በቱቦ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ያልፋል። ፈታሹ ፍሬኑን አስይዞ ያያል፤ ከዚያ ያስለቅቃል። አየር የሚያፈስ ቱቦ ካለ ተፈልጎ ይገኛል።

ሦስተኛ፤ ዘይቱ፣ ነዳጁና ውሃው ይታያል። የሚንጠባጠብ ዘይት ለእሳት መነሻ ይሆናል። ጎታቹ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ጣሪያው ላይ ሆኖ ሽቦውን የሚነካው ክንድ ይታያል።

አራተኛ፤ አሸዋው ይታያል። ባቡር አሸዋ ይዞ ይሄዳል ቢባል ይገርም ይሆናል። ሐዲዱ በዝናብ ሲያዳልጥ አሸዋው በመንኮራኩሩ ፊት ይፈስሳል። ያን ጊዜ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ይቆነጥጣል። የሚያዳልጥ ደጃፍ ላይ አመድ እንደ መበተን ነው።

አምስተኛ፤ መብራቱና ጡሩምባው ይሞከራል። ከብት የሚያሻግር እረኛ ባቡር መምጣቱን የሚያውቀው በነዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ትልቁ ሥራ ይቀራል። እሱም መጻፍ ነው። በአሜሪካ አገር ሕጉ ሥራ ላይ ያለ ጎታች ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ ያዛል። የተገኘው ጉድለት ይጻፋል። የጠገነውም ሰው ይፈርማል። ለምን? ማታ የነዳው ሰው ጧት እቤቱ ተኝቷል። የሰማውን እንግዳ ድምፅ በቃል ብቻ ተናግሮት ከሆነ ይረሳል። ከጻፈው ግን ጧት የሚመጣው መካኒክ ያነበዋል።

ግን ጉድለትን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በካናዳ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 2013 የሆነውን እንንገራችሁ። ነዳጅ የጫነ ባቡር ማታ ከከተማ ውጭ ተዳፋት ላይ ቆመ። ነጂው ሞተሩ ብዙ ጭስ እንደሚያወጣ ለተቆጣጣሪው ተናገረ። ነገሩ ለጧት ይቆይ ተባለ። ሌሊት ያው ሞተር በእሳት ተያያዘ። እሳት አጥፊዎች መጥተው እሳቱን አጠፉ፤ ሞተሩንም አቆሙት። ሞተሩ ሲቆም ፍሬኑን የያዘው አየር ቀስ እያለ አለቀ። በእጅ የታሰሩት ፍሬኖች ደግሞ ጥቂት ነበሩ። ባቡሩ ያለ ነጂ ወደ ከተማው ተንደረደረ። ነዳጁ ፈሶ ነደደ፤ 47 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ኋላ ሲያዩ፣ ሞተሩ ከወራት በፊት የተጠገነው ጥንካሬ በሌለው ማጣበቂያ ነበር። ስለዚህ የታወቀ ጉድለት ለነገ አይባልም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ባሌ እንመለስ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሰነቴን ያቋርጣል። ሰነቴ ላይ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የከዳው የጭነት መኪና ምን እንደሚሆን እናንተ ታውቃላችሁ። ከመሳፈር በፊት «ወንድሜ፣ ፍሬኑ ታይቷል ወይ?» ብሎ ሾፌሩን መጠየቅ ነውር አይደለም እኮ።

የእህሉ ባቡርም ፍተሻ ይፈልጋል። ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያገናኘው የሚሽከረከር ቀበቶ ነጠላ ጎትቶ ሊይዝ ይችላል። እጅም ይቆርጣል። በላዩ መከለያ ያስፈልገዋል። ወፍጮ ቤቱ አንድ ደብተር ይኑረው። በየጧቱ ዘይቱ፣ ውሃው፣ ቀበቶውና መከለያው ይታይ። ያየው ሰው ቀኑን ጽፎ ይፈርም። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦

«ማክሰኞ። ቀበቶው ተሰንጥቋል። እስኪለወጥ ወፍጮው አይሠራም።»

ይህን እናንተ መጻፍ ትችላላችሁ። ረቡዕ ጧት የሚመጣውም ሰው ያነበዋል፤ ሞተሩንም ሳያስነሳ ቀበቶውን ይለውጣል።