አደባባይ ላይ የሚብሰው ሽታ

የጎረቤታችን ቮልስ ቤንዚን ትሸታለች ከተባለ ቆይቷል። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ካርቡሬተሩ ላይ ነው፤ አሮጌ መኪና ላይ ጥፋቱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ይላከካል። ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተገጠመ። ሽታው ግን ፍንክች አላለም። የቤንዚን ፓምፑም ተቀየረ፤ ያው ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ሆኖ ሳለ ሽታው በዳሽቦርድ በኩል መምጣቱን ልብ ያለ አልነበረም።

ፍንጩ የተገኘው የመኪናዋ ባለቤት በጨዋታ መሃል ከጣሉት ቃል ነው።

«ሁልጊዜ እኮ አይደለም የሚሸተው» አሉ። «ሞልቼ ስወጣ ነው። ግማሽ ሲደርስ ይጠፋል።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረጉን ተወት አደረገ። «የት ላይ ነው የሚብስብዎት፣ ጋሼ?»

«አደባባይ ስዞር።»

እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ የቮልስ ቤንዚን መሙያ ከኮፈን ሥር ወጥቶ በቀኝ በኩል፣ በውጭ ነው ያለው። ቤንዚኑ የሚጠራቀምበት ሰልባትዮ ግን እዚያው ኮፈን ውስጥ ከስኮርት ጎማው ኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወፍራም የጎማ ቱቦ ነው። እኛ አገር አደባባይ የሚዞረው ወደ ግራ ነው፤ መኪናው ወደ ግራ ሲዞር ቤንዚኑ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ በቀጥታ ወደ ቱቦው። ሰልባትዮው ከጎደለ ደግሞ እዚያ አይደርስም።

ኮፈኑ ተከፈተ። ከላይ ሲያዩት ቱቦው ምንም አልሆነም። መካኒኩ ትንሽ መስታወት ከሥሩ አስገብቶ በባትሪ አበራበት። ቱቦውን ጠፍንጎ የሚይዘው ፋሸታ ያረፈበት ጠርዝ ክረምት የራቀው ዋልካ መሬት መስሎ ተሰነጣጥቋል። ጣቱን ቢያሳርፍበት ጥቁር እርጥበት ይዞ ወጣ።

ጎማ በዕድሜ ብቻም ይደርቃል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ይቀላቀል እንደነበር መርሳት የለብንም። የድሮ ጎማ ለኤታኖል ተብሎ አልተሠራም።

አዲስ ቱቦ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ተሄደ፤ ባለሱቁ የራዲያተር ቱቦ አውጥቶ «ልኩ አንድ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ልኩ አንድ ነው። መካኒኩ ክርክር አልገጠመም፤ ቁራጭ ተቀብሎ በጣሳ ቤንዚን ነክሮ አሳደረው። ጠዋት ቁራጩ አብጦ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሆኖ ተገኘ። ለውሃ የሚሠራው ጎማ ቤንዚን ይጠጣል። የሚፈለገው ለቤንዚን መሙያ የተሠራው ነው፤ በአሜሪካኖቹ ደረጃ የተሠራ ከሆነ ጀርባው ላይ «ጄ30 አር6» የሚል ይጻፍበታል። ፈልጎ ማግኘቱ ጊዜ ወሰደ።

መግጠሙ ብዙም አይወራለትም። ሰልባትዮው ጎደል እስኪል ተጠበቀ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ወጣች፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቀለ። ተጣብቆ አልላቀቅ ያለው አሮጌ ቱቦ በቢላ ተሰነጠቀ። አጠገቡ ያለችው ቀጭን የመተንፈሻ ቱቦም አብራ ተቀየረች፤ እሷም ያው ዕድሜ ላይ ናት። ፋሸታው ሲጠብቅ በልክ ነው፤ ከመጠን ካለፈ ጎማውን ይቆርጠዋል።

ከዚያ ሙሉ ተቀዳና አደባባይ ተዞረ። ሽታ የለም።

የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል፣ ለመቀጣጠል ደግሞ ሙቀት አይጠብቅም። ሞልታችሁ ስትወጡ የሚሸት አሮጌ መኪና ካላችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ፤ የመሙያውን ቱቦ ከሥሩ በመስታወት እዩት። ሲጋራ የያዘ ሰው ግን አጠገባችሁ አይድረስ።