ሥ እና ስ

ከአራት ኪሎ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ስትሄዱ የሰፈሩን ስም ሁለት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ ታፔላ «ሥላሴ» ይላል፣ ሌላው «ስላሴ»። መንገደኛ ሁለቱንም እንደ አንድ አንብቦ ያልፋል። ኮምፒውተር ግን አያልፍም። ለእሱ ንጉሡ «ሥ» 4645 ነው፣ እሳቱ «ስ» ደግሞ 4661። በመካከላቸው ባለው 16 ቁጥር ውስጥ የስንቱ ሰው ፋይል «የለም» ተብሎ ቀርቷል። የእኔም አንዱ ነበር።

የአባቴ ስም ኃይለ ሥላሴ ነው። ለአንድ ጉዳይ ማስረጃ ላወጣ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን አመላልሶ «በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም» አለኝ። ነገሩን ለአንድ ሶፍትዌር ሠሪ ወዳጄ ስነግረው ሳቀ። «ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛችን ላይ ና» አለኝ።

ጠረጴዛው ስም የለውም። ማኅበር እንዳይባል ጽዋ የለውም፣ ዕቁብ እንዳይባል ዕጣ አይወጣበትም። ከሥላሴ ብዙ በማይርቅ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ስድስት ሰዎች የሚሰበሰቡበት ክብ ጠረጴዛ ነው። ቀድሞ ፒያሳ ነበሩ፤ በኋላ ወደዚህ ወጡ። አብዛኞቹ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው። ታላቃቸው ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ሴት ናት፤ በፎክስፕሮ የደመወዝ ፕሮግራም ስትጽፍ ከዛሬዎቹ ባልደረቦቿ ግማሹ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ታናሹ የሞባይል አፕ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ ሲናገር ከሦስት ቃል አንዱ «ፕሮዳክሽን» ነው።

ደንቡ ሁለት ነው። ላፕቶፕ አይከፈትም፤ ኮድ የሚገለጸው በአፍ፣ ካልሆነም በሶፍት ላይ በእስክሪብቶ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ሲስተም ያቆመ ሰው ደግሞ የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። በዚህ ምክንያት ጨዋታው ሁልጊዜ በኑዛዜ ይጀምራል። የተሳካውን ሥራ ማንም አያወራም፤ እሱማ ሪፖርት ላይ አለ።

ያን ቀን ከፋዩ ጎረምሳው ነበር። ጥፋቱ የጥቅምት ወር ነው። አለቃው «ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይመዝገብ» ስላለው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ለፈረንጅ አቆጣጠር በተሠራው የቀን ሳጥን ውስጥ ከተተው። ለሳምንታት ምንም አልሆነም። ጥቅምት 30 ሲደርስ ሲስተሙ ቆመ። ምክንያቱን ለማየት በጣት መቁጠር ይበቃል፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ደግሞ ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ የለም።

«ጥቅምት 29ስ እንዴት አለፈችህ?» አለችው እትዬ።

«2016 ስለሆነ ነዋ። በፈረንጅ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ነበረው።»

«አየህ፣ ዕድል አታለለህ። ጳጉሜን ብትደርስ ኖሮስ?»

አሥራ ሦስተኛ ወር ለሳጥኑ ጨርሶ የሌለ ወር ነው። እሷ በጳጉሜን 6 የተወለደ ሰው ሲመዘገብ አይታለች። ስድስተኛዋ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ትመጣለች፤ ፎርሙ ላይ የተደረደሩት ወራት ግን 12 ነበሩ። ሠራተኛዋ ሰውየውን መስከረም 1 ተወለደ ብላ መዘገበችው። መድኃኒቱ ቀላል ነው ትላለች፤ ማሽኑ ውስጥ ቀኑን አንድ ዓይነት አድርጎ ማስቀመጥና ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ግን አንድ ጊዜ ካልተቃጠለ አያደርገውም።

ከዚያ ወደ እኔ ጉዳይ ዞሩ፤ ጉዳዩን ለማስረዳት ግን ከፊደሉ ታሪክ መጀመር ነበረባቸው።

በታይፕራይተር ዘመን ፊደላችን ለቁልፎቹ ብዛት አይመችም ነበር፤ ቅጥያው ለብቻ እየተመታ፣ ፊደሉ በቁርጥራጭ እየተገጣጠመ ነበር የሚጻፈው። በኮምፒውተር ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፤ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን መልክ መቀባት። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ስንቱን መሥሪያ ቤት አገልግለዋል። ችግሩ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ቁጥር መሆኑ ነው። ፋይሉን ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍተው ደብዳቤው የኮማ፣ የቅንፍና የእንግሊዝኛ ፊደል ክምር ይሆናል።

ይህን የለወጠው ዩኒኮድ ነው። ፍስሐ አትላውና ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ባለሙያዎች የለፉበት ሥራ ፍሬ አፍርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ላይ 345 የግዕዝ ምልክቶች የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። በኋላም በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ጉራጌኛን፣ ብሊንንና ሌሎች ቋንቋዎችን ለመጻፍ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ።

የቁጥሩ አሰጣጥ የቆሎ ተማሪ ያወጣው ይመስላል። እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለው ዲቃላ። ስለዚህ በዋናው ሠንጠረዥ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብታዩ ዜሮ ግዕዝ፣ አንድ ካዕብ፣ ሁለት ሣልስ እያለ ይሄዳል። ወዳጄ በሶፍት ላይ አካፍሎ አሳየኝ፤ 4645 ለ8 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው፣ ሳድስ። «ሥ» ሳድስ ናት።

ቋሚ ቁጥር ማግኘት ግን ሁሉንም አልፈታም። በተለመደው አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ይወስዳል። የስም ሳጥኑን 20 ባይት ያደረገ ሰው «ገብረ ሥላሴ»ን ያስገባል፤ ክፍት ቦታው ተጨምሮ 19 ነው። «ወልደ ማርያም» ግን 22 ስለሆነ መጨረሻዋ «ም» አንድ ሦስተኛዋ ብቻ ገብታ ትቆረጣለች፤ ስክሪኑ ላይም «ወልደ ማርያ» ከነጥያቄ ምልክቱ ይወጣል። የስልክ አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ በአንድ መልእክት 160 ፊደል ይሄዳል፤ በአማርኛ 70። ባንክ በላቲን ፊደል የሚጽፍልን ሁልጊዜ ቋንቋችንን ንቆ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ሒሳብም አለበት።

እትዬ አዲስ ሶፍት ሳበችና የአባቴን ስም ጻፈች። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። «ሥላሴ» በንጉሡ ወይም በእሳቱ፤ ሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት፣ አሥራ ሁለት።

«ክፍት ቦታውስ?» አለ ጎረምሳው። «አንዳንዱ እኮ አያይዞ ነው የሚጽፈው።»

ሃያ አራት ሆነ። ሁሉም ሲነበብ አንድ ስም ነው። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. አጽማቸው በዚያው ካቴድራል ያረፈው ንጉሠ ነገሥት ስም ሳይቀር ለማሽን ሃያ አራት የተለያዩ ሰዎች ነው።

«ታዲያ ሁሉንም ወደ አንድ አምጥቶ መመዝገብ ነዋ፤ ሐውንም ኀውንም ሀ፣ ሠውን ሰ፣ ዐውን አ፣ ፀውን ጸ» አለ ጎረምሳው። ጠረጴዛው የጦፈው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ የሰሜን ልጅ ነው። ትግርኛ ውስጥ «ሐ» እና «ሀ» ሲነገሩም የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ «ዐ» እና «አ»ም እንዲሁ፤ ለአማርኛ የሚመች ማጠቢያ የእናቴን ስም ያበላሻል አለ። ሌላው በልጅነቱ ዳዊት የደገመ ነው፤ ነገሩን ወደ ግዕዝ ወሰደው። «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው፣ «ሰአለ» ለመነ ነው። ሥዕሉም ስእለቱም ከዚህ ይወጣሉ። ፊደሉን ካጠብክ ሠዓሊውና ለማኙ አንድ ሰው ይሆኑብሃል አለ።

«እናንተ ደግሞ! ሰውየው ማስረጃውን ያግኝ እንጂ ቅኔ ይዝረፍ አላልንም» አለ ወዳጄ።

እትዬ ዝም ብላ ማኪያቶዋን ስትጠጣ ቆየችና ሶፍቱ ላይ ሁለት ሳጥን ሣለች። በአንዱ ሰውየው ራሱ እንደጻፈው ስሙ ይቀመጣል፤ ያንን ማንም አይነካውም፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም እሱ ነው። በሁለተኛው የታጠበው፣ ክፍት ቦታው የወጣለት፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግለው ይቀመጣል፤ እሱን ማንም አያየውም። ማጠቢያውም ለየቋንቋው የየራሱ ይሆናል። «ስም የባለቤቱ ነው፤ የእኛ ፍለጋው ነው» አለች። ከአንድ ሳጥን በላይ ወጪ የለውም። ጎረምሳው ሶፍቱን በስልኩ ፎቶ አነሳው። የሰሜኑ ልጅ አሁንም ጥርጣሬ ነበረው፤ የማጠቢያው ዝርዝር ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠረ።

ይህ ጠረጴዛ ለምን እንደማይፈርስ የገባኝ ያኔ ነው። ስለ ቀን ሳጥን የሚያስተምር መጽሐፍ ሞልቷል፤ ጥቅምት 30ን ግን አያውቃትም። ያንን የሚያውቀው አንዴ የተቃጠለ ሰው ነው፤ ያም ሰው የሚነግርህ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ማኪያቶ ስትጠጣ ነው።

ሰኞ ሃያ አራቱ ስሞች የተጻፉበትን ሶፍት ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለስኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አንድ በአንድ መሞከር ጀመረች። ዘጠነኛው ላይ አባቴ ወጣ፤ በሃሌታው «ሀ»፣ በእሳቱ «ስ»፣ አንድ ላይ ተያይዞ።

ማስረጃዬን አትማ ሰጠችኝና ሶፍቷን ላስቀራት ወይ አለች። ሰጠኋት። በፕላስተር ኮምፒውተሯ ጠርዝ ላይ ለጠፈቻት። ሁለተኛው ሳጥን እስኪሠራ ድረስ የዚያ መሥሪያ ቤት መፈለጊያ ሶፍቷ ናት።