ግብዣው ላይ ለምን አልመጣሽም?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ስለ አንድ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ነገር አንዲት እህት ሥራዋን ልትለቅ ደርሳለች፤ እንቅልፍም አጥታለች። ስለዚህ ታገሡኝ።

እህታችን የምትኖረው አዋሽ አርባ ነው። ስሟንም መሥሪያ ቤቷንም አልጠራም፤ አንዳንዱንም ነገር ሆን ብዬ ቀይሬዋለሁ። ስለ ሐሜት እያስተማርኩ እኔው ሌላ ሐሜት እንዳልጀምር ነው።

ይህች እህት የስኳር ሕመም አለባት፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በመሥሪያ ቤቷ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ቅዳሜ ቀን ወደ አዋሽ ፏፏቴ ሽርሽር አዘጋጁ። ፍየል ይታረዳል፣ ጨዋታ አለ፣ ምሳ ሰባት ሰዓት ነው ተባለ። እኛ አገር «ምሳ ሰባት ሰዓት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዘጠኝም ሊሆን ይችላል፣ አሥርም ሊሆን ይችላል። ለሌላው ሰው ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። ለእሷ ግን አደጋ ነው። የጠዋቱ መርፌ ኃይሉ የሚበረታው እኩለ ቀን ገደማ ስለሆነ ምሳ ከዘገየ በደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል። መድኃኒቱም ራሱ ሙቀት አይወድም። በሰኔ ፀሐይ አውቶቡስ ውስጥ ሲንገላታ የዋለ ኢንሱሊን ሊበላሽ ይችላል።

ሌላም ምክንያት ነበራት። ባለፈው ዓመት በአንድ ሥልጠና ላይ ምሳ ዘግይቶ ስኳሯ ወርዶ ነበር። እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃት፣ ምላሷ ተሳሰረ። ከባልደረቦቿ አንዱ እየሳቀ፣ «ጴንጤዋ ዛሬ ቀምሳለች እንዴ?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች።

ስለዚህ በዚህኛው ሽርሽር ቀረች። ለምን እንደምትቀር ሲጠይቋት የመጣላትን መልስ ሰጠች፤ «ጾም ጸሎት ላይ ነኝ» አለች። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ጀመረ። አንድ በዕድሜ ከፍ ያለ ባልደረባዋ ቡና ላይ፣ «እሷ እኛን ንቃ ነው» አለ። በሳምንቱ፣ «አርግዛ ነው እንጂ» ተባለ፤ ያላገባች ልጅ ናት። ከዚያም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው በሽታ ተወራባት። በመጨረሻም አንዷ፣ «ጾም የምትለው ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ዳቦ ስትበላ አይቻታለሁ» አለች። ይሄኛው እውነት ነበር። እህታችን የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ ሥራውን ልልቀቅ? ወይስ የሆስፒታል ካርዴን ይዤ ሄጄ በሁሉም ፊት ላሳያቸው?

እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ሕልቃና ቤተ ሰቡን ይዞ በየዓመቱ ወደ ሴሎ ይወጣል፤ መሥዋዕት ይቀርባል፣ ሥጋ ይታደላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ያ ግብዣ ነው። በዚያ ግብዣ ላይ የማትበላ አንዲት ሴት አለች፤ ሐና። ፍናና በየዓመቱ፣ ያውም በግብዣው ሰዓት፣ ቁስሏን እየነካካች ታስቆጣታለች። ሐና ትነሣለች፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት ሄዳ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ትጸልያለች። ካህኑ ዔሊ ያያታል። ምን መሰለው? የሰከረች መሰለው! ገሠጻትም።

ልብ በሉ፤ የተሳሳተው ሰካራም ወይም የመንደር ወሬኛ አይደለም፤ ካህን ነው። ያየውም በዓይኑ ነው፤ ከንፈሯ በእውነት ይንቀሳቀስ ነበር። ያየው ትክክል ነበር፣ የፈረደው ግን ስሕተት ነበር። እዚያ ሥልጠና ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ስኳሩ የወረደበት ሰው በእርግጥ የሰከረ ይመስላል፤ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይደናገራል፣ ይበሳጫል። ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ሐሜት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከባዶ አይነሣም፣ አንዲት እውነተኛ ነገር ይይዝና ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል።

አሁን ሐና ምን ብላ እንደ መለሰች ተመልከቱ፤ ቁጥር 15 እና 16 ነው። በመጀመሪያ አልጮኸችም፤ «ጌታዬ» ብላ በአክብሮት ጀመረች። ቀጥላ ሐሰቱን ካደች፤ የወይን ጠጅም ሆነ ሌላ የሚያሰክር ነገር እንዳልቀመሰች ተናገረች። ከዚያ እውነቱን ተናገረች፤ ልቧ ያዘነ ሴት እንደሆነች፣ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰሰች እንደነበረ። እንደ ምናምንቴ ሴት እንዳይቆጥራትም ለመነችው። እዚህ ላይ አቆመች።

ያልተናገረችውን አያችሁ? መካን መሆኗን አልነገረችውም። ስለ ፍናና አንድ ቃል አላወጣችም። ምን እንደ ለመነችም አልገለጠችም። ዔሊም የለመነችው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው የእስራኤል አምላክ ልመናሽን ይስጥሽ ብሎ የባረካት። ይገርመኛል! ስሟን ለማጽዳት ምስጢሯን ሁሉ መዘርገፍ አላስፈለጋትም።

እህቴ፣ ለአንቺም መልሱ እዚህ ነው። ሐሰቱን በአጭሩ ካጂ፣ እውነቱንም በአጭሩ ተናገሪ፣ የቀረው በአንቺና በእግዚአብሔር፣ በአንቺና በሐኪምሽ መካከል ይቅር። ካርድሽን ይዘሽ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ። ሕመምን ለሁሉም አለመናገር ውሸት አይደለም። የአገራችንም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱን መጠበቅ መብቱ ነው ይላል። በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርተሽ ቢሆን ኖሮ የሐኪም ወረቀት ለሚመለከተው ክፍል ትሰጪ ነበር፤ የቅዳሜ ሽርሽር ግን ወረቀት አይጠይቅም።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። «ጾም ጸሎት ላይ ነኝ።»

ይህን ስናገር እህቴን ለመውቀስ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ግብዣ ሲቀርብልን፣ ቢራ ሲቀዳ፣ ሰው ሲያስቸግረን መንፈሳዊ ምክንያት እንደ ጋቢ እንለብሳለን። «ታምሜአለሁ» ማለት ያሳፍረናል፤ «ጾም ላይ ነኝ» ማለት ግን ያስከብረናል። በአንዳንድ ጉባኤዎቻችን የታመመ ሰው እምነት እንደ ጎደለው ተደርጎ ስለሚታይ ነው እንጂ ለምን ይሆናል? ጳውሎስ እንዲህ አላደረገም። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20 ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደ ተወው በአንድ መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ማብራሪያም የለውም፣ ኀፍረትም የለውም። ስለ ጢሞቴዎስም ሆድ ሕመም በግልጥ ጽፏል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23። ሕመም በሐዋርያው ደብዳቤ ላይ ስሙ ሳይለወጥ የሚጠራ ነገር ነው።

ሐሜተኛዋ ሻይ ቤት ያየችው ነገር መንጠልጠያ ያገኘው በዚህች ቃል ላይ ነው። እህታችን፣ «አልችልም፣ የጤና ጉዳይ አለብኝ» ብላ ብትቀር ኖሮ ዳቦዋን ማን ይቆጥርባት ነበር? ስለዚህ እርማቱ ከራሷ ይጀምራል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ሐሜተኛ ያጠቃውን ሰው፣ «አንተም አንዲት ነገር ተሳስተሃል» ማለት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ይህን ካላረመች የምትናገረው እውነት ሁሉ ይጠረጠራል።

ታዲያ ለማን ትናገር? ጌታችን በማቴዎስ 18፥15 መንገዱን አሳይቶናል፤ ብቻውን፣ አንተና እሱ ብቻ ሆናችሁ። ይህ የተነገረው ስለ ወንድም ነው፤ ባልደረባው አማኝ ባይሆንም ግን ሰውን ብቻውን አግኝቶ በክብር ማነጋገር ለማን ይከፋል? ቡና ላይ በሁሉም ፊት አይሁን፣ የቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ በፍጹም አይሁን። ወሬውን ያመጣችልሽ ጓደኛሽም መልእክት አድራሽ አትሁን። የጀመረውን ሰው ራሱን አግኚው። ከፍ ያለ ሰው ነውና በአክብሮት፦

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ሽርሽሩ ላይ የቀረሁት ንቄያችሁ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ስላለብኝ ነው። ጾም ላይ ነኝ ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ለመናገር አፍሬ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርጉዝ ናት የሚባለውም ሐሰት ነው። ከዚህ በላይ ማውራት አልፈልግም። ሌላ ነገር ከሰሙ ግን እኔኑ ይጠይቁኝ።»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስሙን እንደ ጠፋሽ ስሙን አታጥፊ፤ «እሱም ራሱ እንዲህ ያለ ሰው ነው» የሚል ፈተና ይመጣል፣ ሁልጊዜም ይመጣል። ሐና ስለ ፍናና ዝም እንዳለች ዝም በዪ። ምናልባት ይቅርታ ይጠይቅሻል፤ ምናልባትም ስቆ ያልፋል። ጌታችንን ራሱን እንኳ አልተዉትም። ማቴዎስ 11፥18 እና 19 አንብቡ፤ ዮሐንስ ከግብዣ ሲርቅ ጋኔን አለበት አሉት፤ ኢየሱስ ከሰው ጋር ሲበላ ደግሞ በላተኛና ጠጪ አሉት። አንዳንድ ሰው የፈለገው ግብዣው ላይ እንድትገኚ አይደለም፣ የሚያወራው እንዲያገኝ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን የምታነቡ፣ ወሬ የምትሰሙ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። በአፋር ምድር ተቀምጠን ዳጉን ሳናነሣ ብናልፍ ነውር ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቱ በሽታ፣ ስለ ሰላሙ። ይህ ዳጉ ይባላል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ይለያል። የሰማው ከሆነ ከማን እንደ ሰማ ይጠየቃል። ሐሰት ያወራ ሰው አመኔታ ያጣል። እንዲህ የሚጠነቀቁት ለምንድን ነው? በረሃ ላይ በሐሰት ወሬ ከብቱን ውሃ ወደሌለበት የነዳ ሰው ከብቱን ስለሚያጣ ነው። እኛ ግን ቡና ላይ፣ «አርግዛለች አሉ» ሲባል፣ «ማን አለ? አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?» ብለን የጠየቅነው መቼ ነው? ወንጌል አለን የምንል ሰዎች እረኛ ስለ ውሃ ጉድጓድ የሚጠነቀቀውን ያህል ስለ እህታችን ስም ካልተጠነቀቅን ምን ይባላል?

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ሐሜት የጸሎት ርዕስ ለብሶ ይመጣል። «ለእህት እገሌ እንጸልይላት፣ ዝርዝሩን አልናገርም፣ ግን…» ከ«ግን» በኋላ ዝርዝሩ ሁሉ ይመጣል። ያለ ፈቃዷ ሕመሟን ለጸሎት ቡድን ያወጣ ሰው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢያወጣውም አውጥቶታል። ሌላም ነገር አለ፤ «ተፈውሰሻል፣ መርፌውን ተዪ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። እግዚአብሔር ይፈውሳል፣ አምናለሁ። የፈወሰው ሰው ግን ተመርምሮ በሐኪም ይረጋገጣል። ጌታችንም ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ወደ ካህኑ ሄዶ እንዲታይ ነው ያዘዘው። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሰው በድንገት ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ሐና ከአደረገችው ትለያለሽ፣ እህቴ። ምስጢርሽን ለሁሉም አትንገሪ ብያለሁ፤ ለማንም አትንገሪ ግን አላልኩም። ቢያንስ አንዲት የምታምኛት የሥራ ባልደረባ ይኑርሽ። ስኳርሽ ሲወርድ አንቺ ራስሽ መናገር ላትችዪ ትችያለሽና፣ ምን ማድረግ እንዳለባት አስቀድመሽ አሳዪያት፦ መዋጥ የምትችዪ ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ለስላሳ ትስጥሽ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለሽ ትድገም፤ ከነቃሽ በኋላ ምግብ ብዪ። ራስሽን ከሳትሽ ግን በአፍሽ ምንም አታፍስስ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ትውሰድሽ። «ሰክራ ነው» ሲባል «አይደለም፣ ስኳር አምጡ» የሚል አንድ ሰው በአጠገብሽ መኖሩ ሕይወት ነው።

እህታችን ከዚህ በኋላ ሰውየውን አነጋግራዋለች። «እንዲያው ጨዋታ ነው እኮ፣ ምን አከበደሽው?» ብሎ አልፏታል፤ ይቅርታ አልጠየቀም። እርግዝናው ወሬ ግን ቆሟል ትላለች። ሥራዋን አልለቀቀችም። በቅርቡ የአንድ ባልደረባቸው ልጅ ልደት ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦ ይዛ ሄደች፣ ሰዓቷ ሲደርስ በላች፣ አንድ ሰዓት ያህል ተጫውታ ተነሣች። «የት ልትሄጂ ነው?» ሲሏት፣ «ሐኪም ያዘዘኝ ሰዓት አለኝ» አለቻቸው። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቃትም።