«ከብዳለች» ሲባሉ ምን ይጠይቃሉ? የእርግዝና ምርመራ ለከብትና ለግመል ነጋዴ

መተማ ዮሐንስም ይሁን ገዳሪፍ ገበያ «ከብዳለች» የምትል ቃል ዋጋ ትጨምራለች። ገዢው በአንድ ከብት ዋጋ ላይ ጥቂት ጨምሮ ሁለት የገዛ ይመስለዋል። ችግሩ ደላላው ያለው እውነት መሆኑ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሻጩ አይገኝም። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ሦስት ነገር ይለዩ፦ በእርግጥ አርግዛለች? ስንት ወሯ ነው? በሰላም ትገላገላለች? ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚመልስ ምርመራ የለም።

ሆድና ጡት አይቶ መወሰን ከሁሉም ደካማው ነው። ጨው ልሳ ውሃ የጠገበች ላም ሆዷ ይነፋል፤ የምትታለብ ላም ደግሞ ሳትታለብ ከዋለች ጡቷ ይወጠራል፣ ያጋተችም ትመስላለች።

ለላም አስተማማኙ የሐኪም እጅ ነው። ረጅም ጓንት አጥልቆ በፊንጢጣ በኩል ማሕፀኗን ሲዳስስ፣ የለመደ ባለሙያ ከሁለት ወር ወዲህ እምብዛም አይሳሳትም። ዕድሜውንም ይገምታል። በ2 ወር ጽንሱ ትንሽ አይጥ፣ በ3 ወር ትልቅ አይጥ፣ በ5 ወር ድመት ያህላል ይባላል። አልትራሳውንድ ካለ ከ30 ቀን ጀምሮ ያሳያል። ከ6 ወር በኋላ ከሆነ እርስዎም መሞከር ይችላሉ፦ በቀኝ ጎኗ ዝቅ ብለው በጡጫ ገፋ ሲያደርጉ ጠጣር ነገር ሸሽቶ ተመልሶ እጅዎን ይነካል። በግራ በኩል ትልቁ ጨጓራ ስላለ እዚያ መግፋት ድካም ነው።

የግመል ምልክት ሌላ ነው። ከተጠቃች ሁለት ሳምንት ያህል ካለፋት በኋላ አውራ ሲቀርባት ያረገዘችው ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ትሰቅላለች። እረኞች የሚተማመኑበት ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ስንት ወሯ እንደሆነ አይናገርም፤ እርግዝናዋ ደግሞ 13 ወር ገደማ ነው። በዐረብኛ አሥረኛ ወሯን የያዘችው ግመል «ዑሸራ» ትባላለች። ሻጩ ይህን ስም ከጠራ፣ መቼና በማን አውራ እንደተጠቃች ይጠይቁት።

አንዳንዱ የላሟን ሽንት ስንዴ ላይ አፍስሶ ይጠብቃል። የጥንት ግብፃውያን ለሴቶች ተመሳሳይ ነገር ያደርጉ ነበር፤ እህሉ ከበቀለ አርግዛለች ይሉ ነበር። በህንድ ለላም የሚሠራው ግን ተቃራኒው ነው፤ ስንዴው እንዳይበቅል ከተከለከለ አርግዛለች ይባላል። በበጋ ውሃ ያጣች ላም ሽንቷ ስለሚወፍር፣ ባታረግዝም እህሉን ሊያስቀር ይችላል። ዋጋ የሚቆረጥበት ምርመራ አይደለም።

ወሯን ማወቅ ለነጋዴው ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ጉዞ አለ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ በእርግዝናዋ የመጨረሻ 10 በመቶ ላይ ያለች እንስሳ መጓዝ የለባትም ይላል። ለላም ይህ የመጨረሻዎቹ 28 ቀናት፣ ለግመል 40 ቀን ገደማ፣ ለበግና ለፍየል 15 ቀን ነው። የሚቆጠረው ከምትጫንበት ሳይሆን ከመኪና ከምትወርድበት ቀን ነው። ከጋላባት ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን የሱዳን ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ድንበሩ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆሙ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «አንድ ወር ቀራት» የተባለችን ላም አይጫኑ።

ሦስተኛው ጥያቄ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ላሞችን በእርግዝና መጨረሻ ወራት ከሚያስጨነግፉ በሽታዎች ዋነኛው ብሩሴሎሲስ፣ በተለምዶ የውርጃ በሽታ የሚባለው ነው። ሮዝ ቤንጋል የተባለው ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው፦ አንድ ጠብታ የደም ውሃ ከሮዝ ቀለም መመርመሪያ ጋር ተደባልቆ ለ4 ደቂቃ ይወዛወዛል፤ ከተቋጠረ ተጠርጣሪ ናት። ተከትባ ከሆነም ሊቋጠር ስለሚችል ውጤቱ በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል። በወሊድ ሰሞን ደግሞ ታማ ሳለ ነፃ ልትመስል ትችላለች፤ ከወለደች በኋላ መድገም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የታመመች ላም አብዛኛውን ጊዜ የምትጨነግፈው አንዴ ነው፤ ቀጣዩን ጥጃ በሰላም ልትወልድ ትችላለች። «ባለፈው ወልዳለች» ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። በወሊድ ፈሳሹ፣ በእንግዴ ልጁና በወተቷ ሌሎቹን ትበክላለች፤ ሰውንም ትይዛለች። በሱዳን «ሑማ ማልጢያ» የሚሉት ትኩሳት ይኸው ነው። የተጨነገፈን በባዶ እጅ አይንኩ፤ የላምም ይሁን የግመል ወተት አፍልተው ይጠጡ። አዲስ የገዙትንም ውጤት እስኪመጣ ከመንጋው ለይተው ያስሩ።

ምጡ እርስዎ ዘንድ ከደረሰ ምልክቶቹን ያስተውሉ። ሊወልዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የሰውነት ሙቀታቸው ግማሽ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ በጅራት ሥር ያሉት ጅማቶችም ይላላሉ። ቀድመው የሚታዩት ሁለት እግሮች ኮቴያቸው ወደ ታች ከሆነና አፍንጫ ከተከተለ ጥሩ ነው። ኮቴው ወደ ላይ ካየ አብዛኛውን ጊዜ የኋላ እግር ነው። የእንሽርት ውሃው ፈስሶ አንድ ሰዓት ካለፈና ምንም ለውጥ ከሌለ፣ በተለይ የመጀመሪያዋ በሆነች ጊደር፣ ገመድ አስሮ ከመጎተት በፊት ሐኪም ይጥሩ።