ፓርኪንሰን፡- ከእጅ መንቀጥቀጥ ባሻገር

ፓርኪንሰን ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የሚንቀጠቀጥ እጅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰንም እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ሲጽፍ የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ብሎ ነበር የጠራው። ይሁን እንጂ ከሕሙማኑ መካከል ጭራሹን የማይንቀጠቀጡ አሉ። የሚንቀጠቀጡትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ኑሯቸውን የሚያከብድባቸው መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም። ቤተሰብ «እርጅና ነው»፣ «አኩርፎ ነው»፣ «ሰንፎ ነው» እያለ የሚያልፋቸው ሌሎች ምልክቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ አንድ ሰው ሊኖር ይችላልና ምልክቶቹን ማወቅ ይጠቅምዎታል።

ሕመሙ የሚከሰተው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ዶፓሚን ሲያንስ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻም ይግተረተራል። ጉዳቱ ግን በዚህ አያበቃም፤ ማሽተትን፣ እንቅልፍን፣ የአንጀትን ሥራና የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩ ነርቮችንም ይነካል።

ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች

ቡና ሲቆላ ሽታው አይሰማዎትም? ወጥ ሲያርር ከቤተሰቡ ሁሉ መጨረሻ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት? የማሽተት ችሎታ መቀነስ፣ የማይለቅ የሆድ ድርቀት፣ እንዲሁም በእንቅልፍ ልብ ሕልምን እየተከተሉ መጮኽ፣ መራገጥና መማታት መንቀጥቀጡ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት ሊጀምሩ ይችላሉ። በተለይ የሌሊቱ ጩኸት ከክፉ መንፈስ ጋር እየተያያዘ ሕክምና ሳያገኝ የሚቆይበት ጊዜ አለ። እነዚህ ምልክቶች በተናጠል ሲታዩ ፓርኪንሰን ነው ማለት አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ተደራርበው ሲመጡና የእንቅስቃሴ መዘግየት ሲጨመርባቸው ግን ሐኪም ማየት ይገባል።

ፊት፣ ድምፅና ፊርማ

የፊት ጡንቻዎች ሲግተረተሩ ሰውየው ደስ ቢለውም ፊቱ አይፈታም። በሠርግ ቤት የተቀመጡ አባት ያኮረፉ ይመስላሉ፤ ልጆቻቸውም «ምን አስቀየምንዎት?» ይላሉ። ድምፅም ይደክማል፤ በስልክ የሚያናግራቸው ሰው «አይሰማም» ይላል እንጂ እሳቸው የተናገሩት እንደ ወትሮው ይመስላቸዋል። ጮክ ብሎ ማንበብና ሆን ብሎ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገርን መለማመድ ይረዳል።

የእጅ ጽሑፍ ደግሞ መስመሩ እየገፋ ሲሄድ ይደቅቃል። ባንክ ሄደው «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ከተባሉ አይሸማቀቁ፤ ሁኔታውን አስረድተው የፊርማ ናሙናዎ እንዲታደስ ይጠይቁ።

ለሃጭ መዝረብረብም ብዙዎችን ያሳፍራል። ምክንያቱ ምራቅ መብዛቱ ሳይሆን ሰውየው እንደ ቀድሞው ቶሎ ቶሎ አለመዋጡ ነው። ውኃ ጎንጨት ማለት ወይም ማስቲካ ማኘክ ለመዋጥ ያስታውሳል። ምግብ ሲበሉ ትን የሚልዎት ከሆነ ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፤ ለሐኪምዎም ይንገሩ።

እግር ሲታሰርና ሲያዞር

በር ላይ ሲደርሱ እግር መሬት ላይ እንደ ተጣበቀ ሆኖ አልነቀል ማለቱ ሌላው ምልክት ነው። ይህ ሲሆን መጎተትም ሆነ «ቶሎ በሉ» ማለት ይብሱን ያስራል፤ ለመውደቅም ያጋልጣል። ይቁሙ፤ ተንፍሰው ክብደትዎን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውሩ፤ ከዚያ ወለሉ ላይ መስመር እንዳለ አስበው ይሻገሩ ወይም «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይራመዱ። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ከመተላለፊያው ይነሳ።

ከአልጋ፣ ከበርጩማ ወይም ከስግደት ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ የደም ግፊትዎ በድንገት ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብለው ይነሱ፤ ከአልጋ ሲወርዱ ጥቂት ጊዜ ጠርዙ ላይ ይቀመጡ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን ሐኪሙ ይየው።

መድኃኒቱና ማዕዱ

ለሕመሙ በስፋት የሚታዘዘው ሌቮዶፓ የያዘ መድኃኒት ነው። ሕመሙን ከሥሩ ባያጠፋም እንቅስቃሴን ያቀላል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ሊሻማው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ እንዲወሰድ ይመከራል። ጿሚ ከሆኑ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያስተካክሉ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ። በራስዎ ፈቃድ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ሕመሙን ሊያብስ ይችላልና ለሌላ ሕመም ሲታከሙ ፓርኪንሰን እንዳለብዎት አስቀድመው ይናገሩ።

ቤተሰብ ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ፣ ጠዋት በራሱ የተራመደ ሰው ረፋድ ላይ ቁልፉን መቆለፍ ሊያቅተው ይችላል። ይህ ማስመሰል አይደለም። ኃይሉ የሚያልቅበትን ሰዓት በወረቀት ይዘው ለሐኪሙ ቢያሳዩ፣ የሚወስዱበትን ሰዓትና መጠን ለማስተካከል ይረዳዋል።

ድባቴና ጭንቀትም የሕመሙ አካል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሕክምናም አላቸው። እንግዲህ ከላይ ካነሳናቸው መካከል በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ የሚያዩት ካለ፣ መቼ እንደጀመረ ጽፈው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው በዋናነት ታሪክዎን ሰምቶና እንቅስቃሴዎን መርምሮ ነውና «ይህማ ተራ ነገር ነው» ብለው የሚተዉት ምልክት አይኑር። ከምርመራው በኋላም በየዕለቱ መንቀሳቀስን፣ ውኃና አትክልት ማዘውተርን፣ ከዕድርና ከማኅበር አለመቅረትን አይተዉ። ቤተሰብም ፊቱ ያልፈታ፣ ድምፁ የደከመ፣ እርምጃው የዘገየ ወገኑን ከመገሠጽ ይልቅ «ምን ላግዝዎት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ቀስ ብሎ ቢመጣም ይጠብቀው።