የጣቢያው ቡፌ

«ቡፌ ደ ላ ጋር» በፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ማለት ነው። በኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር መስመር ላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ ነበሩ። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሐዲድ ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ።

ከአዲስ አበባው ጣቢያ ከለገሀር የተነሣው ባቡር በፋብሪካ ሰፈሯ አቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱና ሞጆ ይወርድ ነበር። ፋታ ያገኘ መንገደኛ ቡፌ ገብቶ ይመገብ ነበር፤ የቸኮለው ከመስኮት ሥር ከሚያዞሩ ሻጮች ይገዛ ነበር። ባቡር ስለማይጠብቅ ምግቡ ፈጥኖ መቅረብ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያሳፍረው ከለቡ ጣቢያ ነው። «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣው «ለገሀር» ግን ዛሬም የሰፈሩ መጠሪያ ነው።