ከፍ ዝቅ እያሉ መራመድ

ከመንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ለሚያስተውል ሰው የእግረኛው ጭንቅላት በቀጥታ መስመር እንደማይጓዝ ይታየዋል። አንዱ እግር የሰውነትን ክብደት ሙሉ በሙሉ ተሸክሞ ቀጥ ባለ ጊዜ ከፍ እንላለን፤ ሁለቱ እግሮች ፊትና ኋላ ሆነው መሬት በነኩ ጊዜ ደግሞ ዝቅ እንላለን። ልዩነቱ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቢሆንም በአንድ ሰዓት መንገድ 6 ሺህ ያህል ጊዜ መላ ሰውነትን ማንሳትና ማውረድ ነውና፣ ወደ ፊት መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከንቱ ድካም ነው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ሳውንደርስ፣ ኢንማን እና ኤበርሃርት የተባሉ አሜሪካውያን በ1953 ያሳተሙት ጽሑፍም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያስተማረው ይህንኑ ነበር፤ የዳሌው መዞር፣ የጉልበቱ መታጠፍ፣ የቁርጭምጭሚቱ እንቅስቃሴ ሁሉ ዓላማው ያንን ከፍ ዝቅ ማለት መቀነስና ኃይል መቆጠብ ነው አሉ። ትምህርቱ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ ኖረ። ዛሬ በእጃችን ያለው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ ድምዳሜ ይወስደናል፤ ሰው በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚሄደው ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው፣ ይህንን ያስቻለውም ጉልበቱን ዘርግቶ መቆም መቻሉ ነው።

ክርክሩን ለመለየት ሰዎችን ከፍ ዝቅ ሳይሉ አራምዶ የሚጠቀሙትን ኦክስጅን መለካት ይበቃል። ኦርቴጋ እና ፋርሊ በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ አደረጉ። ተሳታፊዎቹ ከፍታቸውን እኩል አድርገው እንዲራመዱ ተነገራቸው፤ ከፍ ዝቁንም በአማካይ በ69 በመቶ ቀነሱት። በድሮው ሐሳብ ቢሆን ድካማቸው መቅለል ነበረበት፤ ያቃጠሉት ኃይል ግን እጥፍ ያህል ሆነ። አንዱ ምክንያት የጡንቻ ባሕርይ ነው። ጡንቻ ምንም ሳያንቀሳቅስ ሸክም ይዞ መቆሙ ብቻ ኃይል ያስከፍለዋል። ጀርባዎን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ወንበር በሌለበት እንደተቀመጡ ሆነው ቢቆዩ ብዙም ሳይቆይ ጭንዎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጉልበት ሲዘረጋ ክብደቱ ከአጥንት ወደ አጥንት እየተላለፈ መሬት ይደርሳል፤ የጭን ጡንቻም ያርፋል። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ያስደንቃል። እረኛ ጅረት ሲሻገር ዱላውን መሃል ላይ ተክሎ በላዩ እንደሚወናጨፍ ሁሉ፣ ሰውነታችንም በቆመው እግር ላይ ተወናጭፎ ያልፋል። ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ፍጥነት ግን የትም አልሄደም፣ ከፍታ ሆኖ ተቀምጧል። አናቱን አልፎ ሲወርድ የመሬት ስበት ከፍታውን መልሶ ፍጥነት ያደርገዋል። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ካቫኛ እና ባልደረቦቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንደለኩት፣ በመካከለኛ ፍጥነት ስንራመድ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የእንቅስቃሴ ኃይል በዚህ መንገድ ይመላለሳል። እንግዲህ ከፍ ዝቁን ያስቀረ ሰው ቁጠባውን አብሮ አስቀረ ማለት ነው።

ቁጠባው የአንጎልና የነርቭ ብልሃት እንጂ የእግር ቅርጽ ውጤት አይደለም የሚል ሊነሣ ይችላል። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው ታድ ማክጊር ነው። በ1990 በካናዳ ያስተዋወቀው ባለ እግር ማሽን ሞተር የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ለስላሳ ቁልቁለት ላይ ሲለቁት ግን እግሮቹን እያፈራረቀ ብቻውን ይሄዳል። የሚገፋው ቁልቁለቱ ስለሆነ ደልዳላ ላይ ይቆማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በ2005 የዚሁ ዘር የሆኑ ሮቦቶች ትንንሽ ሞተር ተገጥሞላቸው ደልዳላ መሬት ላይ ተራመዱ፤ ከመካከላቸው አንዱ የፈጀው ኃይል ከሰው ጋር የሚቀራረብ ነበር። በዚያ ዘመን ዓለም ያጨበጨበለት የጃፓኑ አሲሞ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ስለሚሄድና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሞተር ስለሚቆጣጠር፣ በዚያው ጥናት ግምት ከሰው አሥር እጥፍ የሚበልጥ ኃይል ይጨርስ ነበር። ሕይወት ካላቸው ደግሞ ቺምፓንዚን እንውሰድ። እሷም በሁለት እግር መቆም ትችላለች፤ ዳሌዋና ጉልበቷ ግን እንደታጠፉ ናቸው። ሶኮል፣ ራይክለን እና ፖንትዘር በ2007 ቺምፓንዚዎችን ጭምብል አልብሰው በመሮጫ ማሽን ላይ ሲያራምዱ፣ የሰው አካሄድ ከእነሱ ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ ያነሰ ኃይል እንደሚጠይቅ አገኙ።

ይህ ቁጠባ መቼ ተጀመረ የሚለው ጥያቄ ወደ አፋር ያመጣናል። በ1974 ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ከተገኘው የጉልበት መገጣጠሚያ ጋር፣ የጭን አጥንቷ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ የሚያዘነብል መሆኑን አሳይታለች። ጉልበት በሰውነት ሥር የሚገባው በዚህ ዓይነት ነው፤ በአንድ እግር ስንቆም ወደ ጎን የማንወድቀውም ለዚህ ነው። ሆኖም ስተርን እና ሱስማን በ1983 ድንቅነሽ ጉልበቷን አጥፋ ትሄድ ነበር ብለው ተከራከሩ። አጥንት ብቻውን አካሄድን አይናገርምና ክርክሩ በቀላሉ የሚዘጋ አልነበረም። የሚናገር ነገር የተገኘው ታንዛኒያ ውስጥ ነው። ላኤቶሊ በተባለ ቦታ፣ ዛሬ ድንጋይ በሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ፣ የዛሬ 3.66 ሚሊዮን ዓመት ያለፉ እግረኞች ዱካ በ1978 ተገኝቷል፤ ብዙዎች የድንቅነሽ ወገን ነው ይላሉ። ራይክለንና ባልደረቦቹ በ2010 ዘመናዊ ሰዎችን እርጥብ አሸዋ ላይ አራመዱ፤ መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን አጥፈው። ጉልበት የታጠፈ ጊዜ ጣቶች ከተረከዝ ይልቅ ጠልቀው ገቡ። የላኤቶሊ ዱካ ግን የተረከዙና የጣቱ ጥልቀት ተቀራራቢ ነው፤ እንደ እኛ። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ዱካው ከእኛ ትንሽ የታጠፈ እግርን ያመለክታል ብለዋል። ይህ መታረም ያለበትን ያርማል እንጂ ዋናውን ነገር አያፈርስም፤ የቺምፓንዚ አካሄድ ነው ያለ ግን የለም።

ስበት ይህን ያህል የሚሠራልን ከሆነ ታዲያ ለምን ይደክመናል? ምክንያቱም ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መተላለፊያው ነጻ አይደለም። የፊተኛው ተረከዝ መሬት ሲነካ ሰውነት ገና ወደ ታች እየሄደ ነው፤ አቅጣጫውን ወደ ላይ ማዞር ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የጠፋውን ኃይል ጡንቻ መተካት አለበት። አብዛኛውን የሚተካው የኋለኛው እግር ባት ነው፤ ፊተኛው ሊያርፍ ሲል ቁርጭምጭሚትን ዘርግቶ መሬቱን ይገፋል። አርተር ኩዎ በ2002 በሠራው ስሌት ይህ ግፊት ሥራው ለዳሌ ቢሰጥ ከሚጠይቀው ሩብ ብቻ ነው የሚያስወጣው። ዕድሜ ሲገፋ የባት ግፊት ይደክምና ዳሌ ይተካዋል፤ ስለዚህ የአዛውንት እርምጃ ዘገም ብሎም ያደክማል። ብልሃቱ የፍጥነት ወሰንም አለው፤ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ስንደርስ ሩጫ ይቀናናል። ስበቷ የምድርን አንድ ስድስተኛ በሆነው ጨረቃ ላይ የአፖሎ ጠፈርተኞች ዝላይ የሚመስል አካሄድ የመረጡትም ስበት ሲደክም ይህ ወሰን ዝቅ ስለሚል ነው።

አንዳንዶች ሚሊዮን ዓመታት የሞረዱት አካሄድ ከዚህ በላይ የሚሻሻልበት ቀዳዳ የለውም ይላሉ። ለእኔ ይህ መከራከሪያ ከሁሉም ደካማው ነው። ኮሊንስ፣ ዊጊን እና ሳዊኪ በ2015 ባት ላይ የሚታሰር፣ ባትሪም ሞተርም የሌለው ስፕሪንግ ሠርተው የመራመድን ወጪ በ7.2 በመቶ ቀነሱ። ስፕሪንጉ እግር መሬት ላይ ባለበት ጊዜ ተይዞ ይለጠጣል፤ የባትን ጡንቻ ከመሸከም በከፊል ያሳርፈዋል፣ በግፊቱ ሰዓትም ያገኘውን ይመልሳል። የሚያስገርመው ግን ስፕሪንጉ ከመጠን በላይ ሲጠነክር የሆነው ነው፤ ባት ይበልጥ ቀለለው፣ በጠቅላላው ወጪ ላይ የታየው ቁጠባ ግን ጠፋ።